ጫካው ከመሬት በታች ነው

ደን ሲባል ቀና ብለን የምናየው ነገር ነው ትዝ የሚለን። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጽድ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ጥላ። እኔ አሁን የምኖርበት አካባቢ ያለውን ጫካ ለማየት ግን ቀና አይባልም፤ እንዲያውም ጎንበስ ይባላል። አብዛኛው ዛፍ ወገቤ ወይ ደረቴ ላይ ይቀራል፤ ረዘመ የተባለውም ከራሴ እምብዛም አያልፍም። ዛፍ መሆኑ የሚታወቀው ፍሬውን ሲያዩ ነው። ኦክ ነው። ያ በፈረንጅ ተረት ውስጥ ግዙፍ ሆኖ የምናነበው ኦክ፣ እዚህ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ውቅያኖስ ዳር፣ አሸዋ ላይ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል።

ቦታው ሜሪት ደሴት ይባላል። በምሥራቅ ፍሎሪዳ፣ አትላንቲክ ዳር ያለ፣ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የተሠራበት መሬት ነው። ስለዚህ አካባቢ የሚወራው ሁሉ ስለ ሮኬት ነው፤ ያው እኔም ለሥራ ስመጣ የጓጓሁት ሮኬት ለማየት ነበር። አየሁ። ደስ ይላል። ግን ሮኬት ሰማይ ላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ቀን ሰው የሚያየው ቁጥቋጦ ነው። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስክሪን ለመራቅ ብዬ የጀመርኩት የእግር ጉዞ ነው ከቁጥቋጦው ጋር ያስተዋወቀኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ አብራኝ ወጣችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ይሄ ምን ይባላል?" የሚል ነበር። ኦክ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አይበቅልም፤ ስለዚህ እሷ የምታውቀው የአገር ቤት ስም ልሰጣት አልቻልኩም። "ኦክ" አልኳት። "ኦክ! ይሄም ስም ሆኖ" ብላ ቅጠሉን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። "እንደ ፕላስቲክ ይንኳኳል እኮ" አለች።

ልክ ናት። እዚህ የሚበዙት ኦኮች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በቅጠላቸው ይለያሉ። አንደኛው ክብ ብሎ ደረቅ ያለ፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ቅጠል አለው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ሚርትል ኦክ ነው። ሁለተኛው የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ሲገለበጥ ታንኳ ይመስላል፣ ሆዱም ነጣ ያለ ነው። ይሄኛው ሳንድ ላይቭ ኦክ ይባላል። ሦስተኛው ቻፕማን ኦክ፣ ቅጠሉ ሳሳ ብሎ ዳርና ዳሩ ትንሽ ወዝወዝ የሚል ነው። የሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ቅጠል ክረምት ከበጋ አይረግፍም፤ ጠንካራና ሰም የተቀባ ነው። ምክንያት አለው። እዚህ የሚዘንበው ዝናብ ከአዲስ አበባ አያንስም፤ መሬቱ ግን የጥንት የባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ነው። ውኃው እንደ ወንፊት ያልፈዋል፤ ንጥረ ነገሩንም አጥቦ ይዞት ይወርዳል። ዝናብ ባቆመ በጥቂት ቀን ውስጥ ተክሉ ደረቅ አገር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚኖረው። ላስቲክ የመሰለው ቅጠል ያቺኑ ያገኛትን ውኃ አፍኖ ለመያዝ ነው።

ኦኮቹ መሃል ሌሎችም አሉ። መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚሄድ ዘንባባ አለ፤ የቅጠሉ ዘንግ እንደ መጋዝ ጥርስ ስላለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቁምጣ ለብሶ የገባ ሰው ለምን እንደዚያ እንደተባለ ሳይነገረው ይገባዋል። ከነዚህ ዘንባባዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት የኖሩ አሉ፤ ቁመታቸው ግን ጉልበት አካባቢ ነው። ከሥር አሸዋው ላይ እንደ ጥጥ የተንከባለለ ግራጫ ሽበት የሚመስል ነገር ይታያል። በቆሎ ፈንዲሻ መስሏት እናቴ ልትነካው ነበር፤ ድንጋይ ሽበት ከሚባለው ወገን ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ እሾሃም ቁልቋል። እሱን ስታይ ፊቷ በራ፤ "በለስ!" አለች። የትግራይ በለስ የዚህ ዘመድ ነው፤ አገሩም አሜሪካ አህጉር ነው። ወደ እኛ የመጣው ከዚህኛው የዓለም ወገን ነው። እናቴ ባዕድ ያለችው ቦታ ላይ ያገኘችው የመጀመሪያው ዘመድ፣ ለካ ባለቤቱ ነው፤ እኛ ጋ ነው እንግዳ የነበረው።

ይህንን ሁሉ የምተርከው አንድ ወረቀት ስለመጣብን ነው።

እናቴ በመጣች በሁለተኛው ወር አንድ ጎረቤታችን በር አንኳኳ። ሰላምተኛ ሰው ነው፤ ዕቃ ሲመጣልኝ ተቀብሎ የሚያስቀምጥልኝ። የያዘው ወረቀት በአጭሩ የሚለው፦ በሰፈራችን አቅራቢያ ባለው ቁጥቋጦ ላይ በየጊዜው ሆን ተብሎ የሚለቀቀው እሳት ይቁም፤ ጢሱ ለልጆች፣ ለሽማግሌዎችና የመተንፈሻ ሕመም ላለባቸው አደገኛ ነው። ብዙ ሰው ፈርሞበታል። እናቴ አስም አለባት። ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ የምትነፋው መድኃኒት አለ፤ ያለሱ ደጅ አትወጣም።

ወረቀቱን በአማርኛ ሳስረዳት "እና ምን ትጠብቃለህ? ፈርም እንጂ!" አለችኝ።

"እማዬ፣ እሳቱ ለቁጥቋጦው ያስፈልገዋል ነው የሚሉት። ለወፉም።"

"ለየትኛው ወፍ?"

ነገርኳት። ሳቀች። "ለወፍ ብለው ሰው ያጥናሉ?" አለች።

ለጎረቤቴ አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ያነበብኩት፣ ቅዳሜም ሄጄ ያየሁት ነው ከዚህ በታች ያለው።

የመጀመሪያው ነገር፦ ይሄ ጫካ የሚኖረው ከመሬት በታች ነው። ከላይ የምናየው ቁጥቋጦ ትንሹ ክፍል ነው፤ ከአሸዋው ሥር ያለው የሥርና የግንድ መረብ ከሚታየው እጅግ ይበልጣል። ላዩ ሲቃጠል ሥሩ አይነካም። አሸዋው ሙቀቱን ቶሎ አያሳልፍም፤ ከሥር ያለው ክምችት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ቡቃያ ወደ ላይ ይልካል። በኛ ሥራ ቋንቋ ልናገር ካልኩ፣ የምናየው ስክሪኑን ነው፤ ዳታው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለኛ አገር ሰው አለ፤ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው አራትና አምስት ሆኖ እንደሚያቆጠቁጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በባሌ ተራሮች ላይ ያለው አስታም እንዲሁ ነው። ከብት አርቢዎች ያቃጥሉታል፤ ከሥሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለጋውን ከብቱ ይበላዋል። ማለትም የሚቃጠልና የሚመለስ ቁጥቋጦ ለኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፦ እሳቱን ሰው አልፈጠረውም። ፍሎሪዳ መብረቅ የሚበዛባት አገር ናት። ያ ሰም የተቀባ ቅጠል ውኃ ይይዛል ብያለሁ፤ ሲደርቅ ደግሞ በደንብ ይነድዳል። ሰው ከመስፈሩ በፊት መብረቅ ሲመታ ያ እሳት ማንም ሳያስቆመው ይሄድ ነበር። ዛሬ በመሃል መንገድ አለ፣ ሰፈር አለ፣ የሮኬት ማስወንጨፊያ አለ። እሳቱ በራሱ የትም መድረስ አይችልም። ስለዚህ ሰው እጅ ላይ ወደቀ።

ሦስተኛው፣ ማለትም ወፉ። ፍሎሪዳ ስክረብ ጄይ ይባላል፤ ሰማያዊና ግራጫ፣ ከእርግብ የሚያንስ። ከፍሎሪዳ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ በዚህች ግዛት ብቻ የሚኖር ብቸኛ የወፍ ዝርያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 ሥጋት ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ወፍ የሚኖረው በቤተሰብ ነው። ልጆቹ ካደጉ በኋላም ወዲያው ጎጆ አይወጡም፤ ከወላጆቻቸው ጋር ቆይተው ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ቆሞ ጭልፊት ሲመጣ ይጮኻል። ይህንን ስነግራት እናቴ መሳቋን አቆመች። "ጨዋ ወፍ ነው በለኛ" አለች።

ይህ ጨዋ ወፍ በመጸው አንዱ ብቻውን ከ6,000 እስከ 8,000 የኦክ ፍሬ አሸዋ ውስጥ ይቀብራል። እየቆፈረ የሚበላው በኋላ ነው፤ የረሳው ደግሞ ይበቅላል። ለመቅበር ግን ባዶ አሸዋ ይፈልጋል፤ ጠላት ለማየትም ኦኩ ከሰው ቁመት ባይበልጥ ይመርጣል። እሳት ካለፈ በኋላ ለተወሰነ ዓመት ሁለቱም ይገኛሉ። እሳት ሃያ ዓመት ከራቀ ግን ቁጥቋጦው ይረዝማል፣ አሸዋው ይሸፈናል፣ ጭልፊት መደበቂያ ያገኛል፣ ወፉም ይጠፋል። ደረቅና ከፍ ያለ መሬት ስለሆነ ደግሞ ቀሪውን የፍሎሪዳ ቁጥቋጦ ብርቱካን ተከሉበት፣ ቤት ሠሩበት። የኔ ሰፈርም የተሠራው እንዲህ ዓይነት አሸዋ ላይ ነው፤ ጓሮዬን አንድ ክንድ ስቆፍር የማገኘው ያንኑ ነጭ አሸዋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስለ ወፍና ስለ ቅጠል ነው፤ እናቴ ደግሞ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። ሐሳቤን የለወጠው የሚቀጥለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 በጠፈር ማዕከሉ ዙሪያ ያለው መሬት የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ፤ ስፋቱ 140,000 ኤከር ገደማ ነው፣ በሄክታር ወደ 57,000። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሳት እንደ ጠላት ነበር የሚታየው፤ በተነሣ ቁጥር ይጠፋል። የሚገርም ነገር አይደለም፤ ሮኬት ያለበት ቦታ እሳት ማን ይፈልጋል? ግን ያልተቃጠለው ሁሉ አልጠፋም፤ ተጠራቀመ። ቁጥቋጦው ረዘመ፣ ደረቅ ቅጠልና ቅርንጫፍ ተከመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተነሣው ሰደድ እሳት የመጠለያው ሠራተኞች የነበሩ ሁለት እሳት ተከላካዮችን ገደለ። ሆን ብሎ፣ ቀን መርጦ፣ በትንሽ በትንሹ ማቃጠል እዚያ ሥርዓት የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ የቆየው ቁጥቋጦ ደግሞ ወደ ዛፍነት ስለተጠጋ በእሳት ብቻ አልመለስ አለ፤ በከባድ ማሽን መጀመሪያ መቁረጥ፣ ከዚያ ማቃጠል አስፈለገ።

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ይሄ ነው። ወረቀቱ የሚያቀርበው ምርጫ "ጢስ ወይስ ንጹሕ አየር" የሚል ነው። እውነተኛው ምርጫ ግን የትኛው ጢስ ነው የሚለው ነው። አንዱ ነፋሱ ወደ ባሕር ሲነፍስ፣ እርጥበቱ ተለክቶ፣ ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ችቦ በያዙ ሰዎች ተለኩሶ፣ በአብዛኛው በቀኑ የሚያልቅ ነው። ሌላው መብረቅ በመረጠው ቀን፣ ነፋሱ በመረጠው አቅጣጫ፣ ሃያ ዓመት የተከመረ ማገዶ ይዞ የሚመጣ ነው። እናቴ ከሁለቱ በየትኛው ቀን ብትሆን ይሻላል? ጥያቄውን እንደዚያ ሳስቀምጠው መልሱ ከበደኝ አልልም፤ ግልጽ ሆነልኝ።

አልፈረምኩም። ጎረቤቴ ሲመለስ ነገርኩት። ቅር አለው፤ "እናትህ እኮ አስም አለባት" አለኝ። "አለባት" አልኩት። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ ትክክለኛው ነበር፦ "እና በዚያ ቀን ምን ልታደርግ ነው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ቁጥቋጦው ልክ መሆኔ ጢሱን አያጠፋውም። ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ ሳንባው ደካማ የሆነ ሰው ነው። "ተፈጥሮ ነው፣ ቻሉት" ብሎ ነገር ለጤነኛ ሰው ቀላል ነው።

ማቃጠል እዚህ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ተወስኖ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ታቅዶ ይሰረዛል። ነፋሱ ይዞራል። ወይ ደግሞ ሮኬት ወይም ሳተላይት እየተዘጋጀ ይሆናል፤ ጢስ ለነዚያ ዕቃዎች ጠር ስለሆነ እሳቱ ይቆያል። ሳተላይት ከጢስ እንዲጠበቅ ቀን ከተቀየረ፣ ሰውም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ይሄ ብዙ መጠየቅ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ለማቃጠል በዕለቱ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የፈቃዶቹም ካርታ ለሕዝብ ክፍት ነው። ችግሩ ጠዋት ተነሥቶ ካርታውን የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። እሁድ ከሰዓት ተቀምጬ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት ካርታውን ያያል፤ በአቅራቢያችን ፈቃድ ከተሰጠ የነፋሱን አቅጣጫ ጨምሮ ለተመዘገበ ሰው በስልክ መልእክት ይልካል። ይኸው ነው። ከመቶ መስመር ብዙም አይበልጥም። ጎረቤቴ ለሁለት ልጆቹ ሲል ከሁሉ ቀድሞ ተመዘገበ። ወረቀቱን ግን አልተወውም፤ መብቱ ነው።

መልእክቱ የመጣ ዕለት ሥራዬን ከላፕቶፔ ጋር ይዤ እናቴን ወደ ኦርላንዶ ወሰድኳት። እዚያ የአገራችን ሰዎች አሉ፤ ቡና ተፈልቶ፣ ወሬ ተወርቶ፣ ቀኑ አለፈ። ማታ ስንመለስ አየሩ ላይ የተቃጠለ ቅጠል ሽታ ነበር፤ መስኮት ዘግተን አደርን። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አተነፋፈሷን አዳመጥኩ። ደህና ነበረች። ጠዋት "ስታዳምጠኝ ነው ያደርከው አይደል?" አለችኝ። ለካ እሷም አልተኛችም።

በወሩ አካባቢ ቦታውን አብረን ሄደን አየነው። አሸዋው ነጭና ጥቁር ሆኗል፤ የተቃጠሉት ግንዶች እንደ ከሰል ጣት ቆመዋል። ዘንባባው ግን አረንጓዴ ማራገቢያውን መልሶ ዘርግቷል፤ ከኦኮቹ ሥር ደግሞ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ክምችም ብሎ ወጥቷል። እኛ ጎበዝ አባት ደካማ ልጅ ሲወልድ "እሳት አመድ ወለደ" እንላለን። እዚህ ተረቱ ይገለበጣል፤ ደሃ የሆነው አሸዋ አንዴ የሚጠግበው አመዱ ሲወድቅበት ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ቡቃያውን አየችው፤ "እንደ ባሕር ዛፍ ነው" አለች። እንደዚያ ነው አልኳት። ቀና አለችና "ቢሆንም ጢስ ጢስ ነው" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ይህንን አልተከራከርኳትም። ስለዚሁ ቁጥቋጦ ያነበብኩት አንድ ሙከራ አለ። ከእ.ኤ.አ. 1996 እስከ 2007 ድረስ ተመራማሪዎች እዚሁ ጠፈር ማዕከሉ ግቢ ውስጥ፣ ገና የተቃጠለ የኦክ ቁጥቋጦ ላይ፣ አናታቸው ክፍት የሆነ 16 የፕላስቲክ ክፍሎች ሠሩ። ግማሾቹ ውስጥ ተራውን አየር፣ ግማሾቹ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተጨመረበትን አየር ለ11 ዓመት ነፉ። ጋዝ የተጨመረለት ከመሬት በላይ ያለው አካሉ በ67 በመቶ በለጠ። ዝርዝሩ ግን ይለያያል፤ ብዙውን ያደገው ያ ክብ ቅጠል ያለው ሚርትል ኦክ ነው፤ ታንኳ ቅጠል ያለው ጎረቤቱ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አንድ አሸዋ፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ አየር፤ የሁለት ጎረቤታሞች መልስ ግን የተለያየ። ከዚህ የምወስደው ለራሴ ኑሮ የሚሆን ነገር አለ። የአየር ጋዝ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ቢያንስ አንዱ ኦክ ቶሎ ይረዝማል ማለት ነው፤ ቶሎ ከረዘመ ደግሞ ማገዶው ቶሎ ይከመራል ብዬ እገምታለሁ። ማቃጠል የሚቀር ነገር አይመስለኝም። አብረን እንዴት እንደምንኖር ነው የቀረው ጥያቄ።

እናቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ፕሮግራሙ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ካርታውን ያያል፤ ወረቀቱን የፈረሙም ያልፈረሙም ተመዝግበዋል። የተቃጠለው ቦታ ላይ የቻፕማንና የሳንድ ላይቭ ኦክ ፍሬ በአንድ ዓመት ስለሚበስል ቀድሞ ይታያል። የሚርትል ኦክ ፍሬ ሁለት ዓመት ይፈልጋል፤ እሱ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያ መሃል ወፎቹ የሚቀብሩት ከጎን ካለው፣ ዘንድሮ እሳት ካልነካው ቁጥቋጦ የለቀሙትን ነው። ያኛው ተራው የሚደርሰው በሌላ ዓመት ነው። እናቴም ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀኝ "ተራው ደረሰ እንዴ?" ብላ ነው፤ ቀኑን አውቃ ያንን ሳምንት ላለመምጣት።